ሰይጣንን ስናሳድድ ከሳሾች እንዳንሆን

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

በወረኢሉና በአካባቢዋ ሁለት ሰዎች ተጣልተው በሽማግሌ ፊት ሲቀርቡ ከበዳዩ አፍ የማይጠፋ አንድ ቃል አለ፤ «ሰይጣን አሳስቶኝ ነው» የሚል። ከሽማግሌዎቹ ግማሾቹ ክርስቲያን፣ ግማሾቹ ሙስሊም ቢሆኑም «የትኛውን ሰይጣን ማለትህ ነው?» ብሎ የሚጠይቅ የለም። ስሙ የጋራ፣ ምክንያቱም የተለመደ ነው። በየቤታችንም ክፉ ወሬ ሲነሣ «የሰይጣን ጆሮው ይደፈን» እንላለን፤ የተቆጣ ሰው «ሰይጣኔን አታምጣው» ይላል፤ አረፋ ደፍቆ የወደቀ ልጅ ሲታይ ደግሞ ማንም ሳይመረምር «ሰይጣን ጣለው» ተብሎ ክብሪት እየተጫረ ያሸቱታል። ስሙ ከአፋችን ይህን ያህል የማይለይ ከሆነ፣ ባለ ስሙ ማን እንደ ሆነ፣ ምን ማድረግ እንደሚችልና ምን ማድረግ እንደማይችል ጠንቅቆ ማወቅ ከእያንዳንዱ የሰንበት ትምህርት ቤት ልጅ ይጠበቃል።

ስለ ሰይጣን የሚነገረው ነገር በአይሁድ፣ በክርስቲያንና በእስልምና መጻሕፍት ዘመን በዘመን ላይ ሲተካ እየሰፋና መልኩን እየለወጠ መጥቷል። ይህን ያዩ አንዳንዶች «እንግዲያው ሰይጣን የሰው ፈጠራ ነው» ይላሉ። ሌሎች ደግሞ ጨርሶ ለውጥ እንደሌለ አድርገው ያልፉታል። የዚህ ጽሑፍ አሳብ ከሁለቱም ይለያል። የተለወጠው ፍጡሩ ሳይሆን ስለ እርሱ የተገለጠው ነገር መጠንና የተነገረበት መንገድ ነው። በለውጡ ሁሉ ውስጥ ግን ሁለት ነገሮች ጸንተው ኖረዋል። አንደኛው፣ ሰይጣን ሰውን ማስገደድ የማይችል ፍጡር መሆኑ ነው። ሁለተኛው፣ ዋና ሥራው ሰውን በፈጣሪው ፊት መክሰስና ማሳነስ መሆኑ ነው። እነዚህን ሁለት ነገሮች የዘነጋ ሰው ሰይጣንን የሚዋጋ እየመሰለው የሰይጣንን ሥራ ይሠራል።

ከሳሹ በእግዚአብሔር አደባባይ

ሰይጣን የሚለው ቃል በዕብራይስጥ አስቀድሞ የአንድ አካል መጠሪያ ብቻ አልነበረም። ባላጋራ፣ ተቃዋሚ፣ በፍርድ አደባባይ ቆሞ የሚከስ ማለት ነው። በለዓምን በመንገድ የተቃወመው የእግዚአብሔር መልአክ በዕብራይስጡ የተገለጠው በዚሁ ቃል ነው (ዘኍ 22፥22)። በሰሎሞን ላይ የተነሣው ኤዶማዊው ሃዳድም እንዲሁ ተጠርቷል (1ኛ ነገ 11፥14)። በመጽሐፈ ኢዮብ ቃሉ የሹመት ስም ይመስላል። ከሳሹ ከመላእክት ጋር በእግዚአብሔር ፊት ይቀርባል፤ ኢዮብ አምላኩን የሚያመልከው ለጥቅሙ ብሎ ነው ሲል ይከሳል፤ ከተፈቀደለት ወሰን ግን አንዲት ስንዝር አያልፍም (ኢዮ 1፥6-12)። በትንቢተ ዘካርያስም ሊቀ ካህናቱ ኢያሱ ያደፈ ልብስ ለብሶ ሲቆም ሰይጣን በቀኙ ሆኖ ይከሰዋል። እግዚአብሔር ግን ከሳሹን ይገሥጻል፤ የተከሳሹንም ልብስ ያስለውጣል (ዘካ 3፥1-5)።

በመጽሐፈ ኢዮብ ውስጥ ልናስተውለው የሚገባ ነገር አለ። ሰይጣን ከሁለተኛው ምዕራፍ በኋላ ከታሪኩ ይሰወራል። ክሱ ግን አይሰወርም፤ ሊያጽናኑት የመጡት ሦስቱ ወዳጆቹ ተቀብለው ይቀጥሉታል። ባትበድል ኖሮ ይህ ሁሉ መከራ ባልደረሰብህ ነበር እያሉ ምዕራፍ ከምዕራፍ ይወቅሱታል፤ የሚናገሩትም በእግዚአብሔር ስም ነው። በመጨረሻ ግን የእግዚአብሔር ቍጣ የነደደው በእነርሱ ላይ ነበር። ይቅርታ ያገኙትም ያ የከሰሱት ኢዮብ ስለ እነርሱ በጸለየ ጊዜ ነው (ኢዮ 42፥7-9)። ሰይጣን የጀመረውን ክስ ለደጋግ ሰዎች አስረክቦ ሊሄድ እንደሚችል መጽሐፉ በዚህ ያስተምረናል።

ከባቢሎን ምርኮ በኋላ ነገሩ ይበልጥ ግልጽ እየሆነ ሄደ። ዳዊት ሕዝቡን በቈጠረ ጊዜ መጽሐፈ ሳሙኤል ለዚህ ያነሣሣው የእግዚአብሔር ቍጣ እንደ ሆነ ይናገራል (2ኛ ሳሙ 24፥1)። ከምርኮ በኋላ የተጻፈው መጽሐፈ ዜና መዋዕል ደግሞ ያነሣሣው ሰይጣን እንደ ሆነ ይናገራል (1ኛ ዜና 21፥1)። የታሪክ ተመራማሪዎች ብዙዎቹ በዚህ ለውጥ ውስጥ የፋርስ ሃይማኖት ጥላ እንዳለበት ያስባሉ፤ ያ ሃይማኖት ዓለምን የመልካሙና የክፉው ኃይል የጦር ሜዳ አድርጎ ያያልና። እስራኤል ግን ከፈጣሪ ጋር የሚተካከል የክፋት አምላክ አለ የሚለውን ትምህርት አልተቀበሉም። በነቢዩ በኢሳይያስ መጽሐፍ ለፋርሱ ንጉሥ ለቂሮስ በተነገረው ቃል ውስጥ ብርሃንንም ጨለማንም የፈጠረ አንድ አምላክ ብቻ እንደ ሆነ ተገልጿል (ኢሳ 45፥7)። ዲያብሎስ በቅናቱ ሞትን ወደ ዓለም እንዳስገባ መጽሐፈ ጥበብ ሲናገርም (ጥበ 2፥24) የሚናገረው ስለ ፍጡር ነው።

ግእዝ የጠበቀው ምስክር

ከዚህ በኋላ ያለውን ታሪክ የሚያጠና ሰው ሁሉ ወደ ኢትዮጵያ ፊቱን ማዞር ግድ ይለዋል። መጽሐፈ ሄኖክና መጽሐፈ ኩፋሌ ተሟልተው ለዓለም የደረሱት በግእዝ ነው። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ የመጽሐፈ ሄኖክን የብራና ቅጂዎች እ.ኤ.አ. በ1773 ወደ አውሮፓ ከወሰደ በኋላ ሊቃውንቱ መጽሐፉን እንደ አዲስ መመርመር ጀመሩ። እ.ኤ.አ. ከ1947 ጀምሮ ደግሞ በሙት ባሕር አጠገብ ካሉት የቁምራን ዋሻዎች የሄኖክ ቍርጥራጮች በአራማይክ፣ የኩፋሌ ቍርጥራጮች በዕብራይስጥ ሲገኙ፣ አባቶቻችን ጠብቀው ያቆዩት ምን ያህል ጥንታዊ እንደ ሆነ ተመሰከረ። የቤተ እስራኤል ወገኖቻችንም እነዚህን መጻሕፍት በግእዝ ሲያነቡ ኖረዋል።

በመጽሐፈ ኩፋሌ የክፉዎች መናፍስት አለቃ መስቴማ ይባላል፤ ስሙ ጠላትነት ከሚል የዕብራይስጥ ቃል የወጣ ነው። ከጥፋት ውኃ በኋላ መናፍስቱ የኖኅን የልጅ ልጆች ባስጨነቁ ጊዜ ኖኅ ጸለየ፤ እግዚአብሔርም ሁሉም እንዲታሰሩ አዘዘ። መስቴማ ግን ለምኖ ከዐሥር አንዱ እጅ ቀረለት። ለምኖ ያገኘ እንጂ ቀምቶ የወሰደ አይደለም። በዚያው ምዕራፍ ያለውን ሌላ ነገር ግን ብዙዎቻችን አናነሣውም። መላእክት መናፍስቱ የሚያመጡትን ደዌ በምድር ዕፀዋት እንዴት መፈወስ እንደሚቻል ኖኅን አስተማሩት፤ ኖኅም የመድኃኒቱን ሁሉ ዓይነት በመጽሐፍ ጻፈ (ኩፋ 10)። ሰማይ ለኖኅ ጸሎት ከሰጠው መልስ አንዱ መድኃኒት ነበር ማለት ነው።

በመጽሐፈ ሄኖክ የመጀመሪያ ክፍል ደግሞ 200 ትጉሃን ወርደው ክፋትን ለሰው እንዳስተማሩ ይተረካል። በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 6 ላይ የእግዚአብሔር ልጆች የተባሉትን የቤተ ክርስቲያናችን ሊቃውንት ደቂቀ ሴት እንደ ሆኑ ይተረጕማሉ፤ መንፈስ ከሥጋ አይወልድምና። በዚሁ በመጽሐፈ ሄኖክ የምሳሌዎች ክፍል በተባለው ውስጥ ግን ለዛሬው ነገራችን የሚበልጥ ቃል እናገኛለን። ሄኖክ በዘፋነ እግዚአብሔር ዙሪያ የቆሙትን አራቱን መላእክት ያያል፤ አራተኛው ቅዱስ ፋኑኤል ነው። የእርሱ አገልግሎት ሰይጣናት በምድር የሚኖሩትን ሰዎች ለመክሰስ ወደ እግዚአብሔር ፊት እንዳይቀርቡ ማባረር ነው። ታኅሣሥ 3 ቀን በበዓታ ለማርያም በዓል፣ ለእመቤታችን ሰማያዊ ኅብስት ያመጣላት መልአክ ብለን የምናስበው ይኸው ፋኑኤል ነው። ይህ የምሳሌዎች ክፍል በቁምራን አልተገኘም፤ የተረፈው በግእዝ ብቻ ነው። ከሳሾችን የሚያባርር መልአክ በሰማይ እንዳለ የሚናገረውን ይህን ምስክርነት ለዓለም የጠበቀችው የእኛዋ ቤተ ክርስቲያን ናት።

በአክሲማሮስ የተጻፈውን የሳጥናኤልን ታሪክ ደግሞ ከሕፃንነታችን ጀምሮ ሰምተነዋል። መላእክት በተፈጠሩ ጊዜ ፈጣሪያቸው ለጥቂት ተሰወረባቸው፤ የመላእክት አለቃ የነበረው ሳጥናኤል ፈጣሪያችሁ እኔ ነኝ አለ፤ ቅዱስ ገብርኤል ግን ጓደኞቹን በያሉበት አጸናቸው። የውድቀቱ ምክንያት ትዕቢትና ሐሰት ነው። ሐሰቱም አስገድዶ የሚይዝ አልነበረም፤ የጸኑት መላእክት ሰምተውት ሳለ አልተከተሉትምና። በምዕራቡም በምሥራቁም ያሉ ጥንታውያን መምህራን፣ በ3ኛው መቶ ዓመት የነበረው አርጌንስ አንዱ ነው፣ ስለ ባቢሎን ንጉሥ የተነገረውን የኢሳይያስን ምዕራፍ 14 ከዚህ ውድቀት ጋር አገናኝተው ተርጕመውታል።

ሦስት መንገዶች

በሐዲስ ኪዳን የከሳሹ ማንነት ሙሉ በሙሉ ተገለጠ። ጌታችን በገዳመ ቆሮንቶስ በተፈተነ ጊዜ ሰይጣን ተናገረ፣ አሳየ፣ ለመነ እንጂ አላስገደደም (ማቴ 4፥1-11)። ጋኔናቱ ወደ እርያዎቹ ለመግባት እንኳ ፈቃድ ለምነዋል (ሉቃ 8፥32)። በዮሐንስ ራእይ ወደ ምድር የተጣለው ዘንዶ ወንድሞቻችንን ቀንና ሌሊት የሚከስ ተብሎ ተጠርቷል (ራእ 12፥10)። ሐዋርያው ያዕቆብ ደግሞ እያንዳንዱ የሚፈተነው በራሱ ምኞት ተስቦ እንደ ሆነ ያስተምራል (ያዕ 1፥14)። ስለዚህ በሥርዓተ ጥምቀት ወደ ምዕራብ ዞረን ሰይጣንን እንክዳለን፤ ወደ ምሥራቅ ዞረን በሥላሴ እንታመናለን። መካድ የሚቻለው ነጻ ፈቃድ ላለው ሰው ነው። ቅዱስ አትናቴዎስ የጻፈው የአባ እንጦንስ ታሪክም ስለ አጋንንት ተንኮል ብዙ ከተናገረ በኋላ መነኮሳቱን የሚመክረው እንዳይፈሩአቸው ነው፤ ያለ ፈቃድ በእርያ ላይ እንኳ ሥልጣን የላቸውምና።

ከቤተ መቅደሱ መፍረስ በኋላ የተነሡት የአይሁድ መምህራን በሌላ መንገድ ሄዱ። ስለ ወደቁት መላእክት የሚናገሩትን መጻሕፍት ወደ ጎን ትተው ትኩረታቸውን ወደ ሰው ልብ መለሱ። በ3ኛው መቶ ዓመት የነበረው ረቢ ሺምዖን ቤን ላቂሽ ሰይጣን፣ በሰው ውስጥ ያለው ክፉ ዝንባሌና መልአከ ሞት አንድ ናቸው ብሎ ማስተማሩ በታልሙድ ተጽፏል። የአበው ምዕራፎች በተባለው የአይሁድ የምክር መጽሐፍም አንዲት ትእዛዝ የፈጸመ ሰው አንድ ጠበቃ፣ አንዲት በደል የሠራ ሰው አንድ ከሳሽ ለራሱ እንደሚያተርፍ ተነግሯል። በዚያ ጠበቃ የተባለበት ቃል ከግሪክ የተወሰደ ሲሆን እኛ ጰራቅሊጦስ የምንለው ነው። ከሳሽ የተባለበትም በዮሐንስ ራእይ 12 ስለ ዘንዶው የተነገረው የግሪክ ቃል ነው። እኛ መንፈስ ቅዱስን በምንጠራበት ስምና እነርሱ መልካም ሥራን በሚጠሩበት ስም መካከል ያለው የትምህርት ልዩነት ታላቅ ነው። የፍርድ አደባባዩ ሥዕል ግን አንድ ነው፤ በአንድ ወገን ከሳሽ፣ በሌላው ወገን ጠበቃ።

በእስልምና ደግሞ የኢብሊስ ውድቀት ከአዳም መፈጠር በኋላ ነው። ለአዳም እንዲሰግድ ታዝዞ እምቢ አለ፤ እኔ ከእሳት፣ እርሱ ከጭቃ ነውና እበልጠዋለሁ ብሎ ተከራከረ፤ ከሰው ልጆች አብዛኞቹ አመስጋኞች ሆነው እንደማይገኙም ተናገረ። ከዚህ ጋር የሚመሳሰል ታሪክ የአዳምና የሔዋን ሕይወት በተባለው ጥንታዊ መጽሐፍ በላቲን፣ በአርመንና በጆርጂያ ቋንቋዎች ይገኛል። ኢብሊስ መልአክ ነበር ወይስ ጂን የሚለው በሙስሊም ተርጓሚዎች ዘንድ ሲያከራክር የኖረ ነው፤ የቁርኣን 18ኛው ሱራ ከጂኖች እንደ ነበረ ይናገራል። የቋንቋ ሊቃውንት አንዳንዶቹ በቁርኣን ሸይጣን የሚለው ስምና የሚከተለው ረጂም የሚለው ቅጽል ከግእዙ ሰይጣንና ርጉም ጋር እንደሚዛመዱ ይናገራሉ። ከሁሉ የሚደንቀው ግን በ14ኛው ሱራ ያለው ነው። በፍርድ ቀን ሰይጣን ተከታዮቹን፣ በእናንተ ላይ ሥልጣን አልነበረኝም፣ ጠራኋችሁ እንጂ፤ እናንተ መለሳችሁልኝ፤ ስለዚህ ራሳችሁን ውቀሱ እንደሚላቸው ይናገራል።

እኛ ስለ ሳጥናኤል የምናምነውና ሙስሊም ጎረቤቶቻችን ስለ ኢብሊስ የሚያምኑት አንድ አይደለም፤ አንድ ነው ብሎ ማቀላቀልም ትምህርተ ሃይማኖትን ማድከም ነው። ይሁን እንጂ በወረኢሉ በሽማግሌ ፊት የሚቀርበው በዳይ፣ ክርስቲያንም ይሁን ሙስሊም፣ «ሰይጣን አሳስቶኝ ነው» ሲል የገዛ ሃይማኖቱ ይህን ምክንያት እንደማይቀበለው ልብ ይሏል። ቃሉ የጸጸት መጀመሪያ ከሆነ መልካም ነው፤ የጸጸት ማምለጫ ከሆነ ግን የበደለኛው የራሱ ድርሻ ሳይነገር ይቀራል። ሔዋንም እባብ አሳተኝ አለች፤ ፍርዱ ግን አልቀረላትም (ዘፍ 3፥13-16)። በንስሐ አባታችን ፊት ስንቀርብ የምንናዘዘው የሰይጣንን ኃጢአት አይደለም፤ የራሳችንን ነው።

ከታሪካችን የምንማረው

ሁለተኛውን ነገር፣ ማለትም ክስን፣ ለመረዳት ከገዛ ታሪካችን የበለጠ መምህር የለም። ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ (እ.ኤ.አ. 1434-1468) ለቤተ ክርስቲያን ታላቅ ሥራ የሠሩ ንጉሥ ናቸው። እዚሁ በደቡብ ወሎ፣ በአምባሰል፣ ግማደ መስቀሉን በግሸን አምባ ያሳረፉት እርሳቸው እንደ ሆኑ በየዓመቱ መስከረም 21 ቀን እናስባለን። ጥንቆላንና ባዕድ አምልኮን ከሀገራቸው ለማጥፋትም በብርቱ ተጋድለዋል። ሕዝቡ በግንባሩ የሥላሴን ስም፣ በእጁም ዲያብሎስን መካዱን የሚገልጥ ቃል እንዲጽፍ እስከ ማዘዝ ደርሰው እንደ ነበር ዜና መዋዕላቸው ይተርካል።

ያው ዜና መዋዕል ግን ሌላውንም አልሸሸገም። ደስክ የተባለውን ጣዖትና ዲያብሎስን አምልከዋል የሚል ክስ በምድሪቱ ላይ ታላቅ ፍርሃት አመጣ። በሐሰት ምስክር ብዙ ንጹሐን ተቀጡ፣ ሞቱም። ክሱ በመጨረሻ የንጉሡን የገዛ ልጆች፣ ወንዶችንም ሴቶችንም፣ በላ። ንጉሡ ሰይጣንን ከሀገራቸው ለማስወጣት ተነሡ፤ በዚያው በር ከሳሾች ገቡ። ሰይጣን ሊጠላ የሚገባው ነበር፤ ተጋድሎውም በራሱ መልካም ነበር። ነገር ግን ሰውን የዲያብሎስ ወገን ነው ብሎ መወንጀል ብቻውን ለቅጣት በቂ በሆነበት ቦታ፣ ዲያብሎስ ሌላ መሣሪያ አያስፈልገውም። የክሱን ፍሬ በቦረና ምድር፣ በጋስጫ ገዳም ስሙ የሚጠራው አባ ጊዮርጊስም ቀምሶታል። ያን ሁሉ ድርሰት ለቤተ ክርስቲያን ያበረከተው ሊቅ በሐሰተኞች ክስ ለእስራት እንደ ተዳረገ በታሪኩ ይነገራል።

ጌታችን ራሱ በዚህ ክስ አልፏል። አጋንንትን በብዔል ዜቡል ያወጣል ብለውታል (ማቴ 12፥24)። ሳምራዊ ነህ፣ ጋኔንም አለብህ ብለውታል (ዮሐ 8፥48)። በዚህ በሁለተኛው ስድብ ውስጥ የሌላ ነገድ ሰው መሆንና ጋኔን ያለበት መሆን እንደ አንድ ነገር ተቈጥረዋል። ቅዱስ ሚካኤል ደግሞ ስለ ሙሴ ሥጋ ከዲያብሎስ ጋር በተከራከረ ጊዜ የስድብ ፍርድ ሊናገር አልደፈረም፤ ፍርዱን ለእግዚአብሔር ተወ እንጂ (ይሁ 9)። የመላእክት አለቃ በራሱ በዲያብሎስ ላይ ያልደፈረውን እኛ በጎረቤታችን ላይ እንዴት እንደፍራለን?

ዛሬ በእኛ ዘንድ

ይህ ያለፈ ዘመን ነገር ቢሆን ኖሮ መጻፉ ባላስፈለገ ነበር። ሸክላ ሠሪዋን እናት፣ ብረት ቀጥቃጩን አባት «ቡዳ» ብሎ ከማኅበርና ከጋብቻ መለየት በሀገራችን ገጠሮች ዛሬም ያልጠፋ ልማድ ነው። ቤተ እስራኤልም ማረሻውንና ማሰሮውን ለሌላው እየሠሩ በዚሁ ስም ሲሰደዱ ኖረዋል። በ1888 ዓ.ም. ለዐድዋ ዘመቻ ሠራዊታቸው ወረኢሉ ላይ እንዲከት ያዘዙት ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ፣ ባለ እጆችን በሙያቸው መስደብን በዐዋጅ ከልክለዋል። ምድራዊ ንጉሥ በዐዋጅ የከለከለውን የክርስቶስ ወገን ነኝ የሚል ሰው በሹክሹክታ ቢያጸናው እንዴት ያሳፍራል! በምንበላበት ምጣድና በምናርስበት ማረሻ ላይ ያለው የሰው ድካምና ላብ ነው፤ ጋኔን አይደለም።

ባለፉት የጦርነት ዓመታት ደግሞ የሌላውን ወገን ሕዝብ በጅምላ ሰይጣን ብሎ መጥራት በየስልካችን ሲመላለስ ሰንብቷል። ሰውን ሰይጣን ካልነው በኋላ የምናደርግበት ነገር ሁሉ ጽድቅ ይመስለናል፤ በሰይጣን ላይ ምሕረት የለምና። ነገር ግን በእግዚአብሔር አርአያ የተፈጠረ ሰው የቱንም ያህል ቢበድል ንስሐ የተከፈተለት ነው፤ በበደሉ መጠን በሕግ ይጠየቃል እንጂ ከሰውነት ተራ አይወጣም። ጎረቤታችን በሃይማኖት ቢለየንም እንዲሁ ነው። በትምህርት እንለይ ይሆናል፤ በለቅሶና በሠርግ ከእርሱ ጋር የተቀመጥነው ግን ከሰው ጋር ነው።

በሽተኞቻችንንም እንመልከት። በሚጥል በሽታ የሚሠቃይ ልጅ «ሰይጣን ያለበት» ተብሎ ከትምህርት ሲቀር፣ አእምሮዋ የታወከ እኅት ታስራ ስትውል፣ በሽታቸው ላይ ክስ ተጨምሮባቸዋል። ቅዱስ ማቴዎስ ወደ ጌታችን የመጡትን ሲዘረዝር አጋንንት ያደሩባቸውን፣ በጨረቃ የሚነሣባቸውንና ሽባዎችን ለየብቻ ይጠራቸዋል (ማቴ 4፥24)። ወንጌል የለየውን እኛ ማደባለቅ የለብንም። መጽሐፈ ሲራክም ባለ መድኃኒትን እግዚአብሔር እንደ ፈጠረው፣ መድኃኒትንም ከምድር እንዳወጣ ነግሮናል (ሲራ 38)።

እዚህ ላይ አንድ ተገቢ ጥያቄ ሊነሣ ይችላል። «እንዲህ ከተባለ ጸበሉ፣ መስቀሉ፣ የአባቶች ጸሎት ምን ሊሆን ነው? አጋንንት የሉም ወደ ማለት አያደርስምን?» የሚል። አያደርስም። ቤተ ክርስቲያን አጋንንት መኖራቸውን ታምናለች፤ በጌታችን ስም ታወጣቸዋለች፤ ጾምና ጸሎት የተሰጡንም ለዚህ ተጋድሎ ጭምር ነው። የሚባለው ይህ ነው፤ መንፈስን መለየት ጸጋና የአገልግሎት ኃላፊነት እንጂ የመንገደኛ ሁሉ ግምት አይደለም። ጸበልና መድኃኒትም አይጣሉም። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በዘመነ ፕትርክናቸው የኤች አይ ቪ ሕሙማን ጸበሉንም መድኃኒቱንም አስተባብረው እንዲወስዱ ማስተማራቸው ይታወሳል። ልጁን በጠዋት ጸበል አስጠምቆ ከዚያ ወደ ጤና ጣቢያ የሚወስድ አባት እምነቱ አልጐደለም፤ ኖኅ የጸለየውን ጸልዮ ኖኅ የተቀበለውን ተቀበለ እንጂ።

እንግዲህ ምን እናድርግ? በመጀመሪያ፣ ስንበድል «በድያለሁ» እንበል፤ ሰይጣን ጠርቶን ይሆናል፣ የመለስነው ግን እኛ ነን። ሁለተኛ፣ ስለ ማንም ሰው «ሰይጣን አለበት»፣ «ቡዳ ነው»፣ «የዲያብሎስ ወገን ነው» የሚል ቃል ከአፋችን ከመውጣቱ በፊት የከሳሹን ወንበር እየያዝን እንዳይሆን እንጠይቅ። ሦስተኛ፣ በሰንበት ትምህርት ቤታችን ስለ ሳጥናኤል ውድቀት ለሕፃናት ስንተርክ ስለ ቅዱስ ፋኑኤልም አገልግሎት እንተርክላቸው። ሰይጣንን ብቻ የሚያውቅ ልጅ ፈሪ ሆኖ ያድጋል፤ ፈሪም በቀላሉ ከሳሽ ይሆናል።

ሐዋርያው ዮሐንስ ኃጢአት ብንሠራ እንኳ በአብ ዘንድ ጠበቃ እንዳለን አስተምሮናል፤ እርሱም ጻድቁ ኢየሱስ ክርስቶስ ነው (1ኛ ዮሐ 2፥1)። መንፈስ ቅዱስም ጰራቅሊጦስ ይባላል። ቅዱሳን ስለ እኛ ይማልዳሉ፤ መላእክት ከሳሾችን ያባርራሉ። ሰማይ ሁሉ ከተከሳሹ ጎን ከቆመ፣ በከሳሹ ጎን የሚቆመው አንድ ብቻ ነው። በወረኢሉም ሆነ በመካነ ሰላም፣ በገበያም ሆነ በደጀ ሰላም፣ ስለ ጎረቤታችን አፋችንን በከፈትን ቍጥር ከሁለቱ የአንዱን ቋንቋ እንናገራለን። አምላካችን የጠበቃውን ቋንቋ በአንደበታችን ያሳድርልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ ወለወላዲቱ ድንግል፤ ወለመስቀሉ ክቡር። አሜን።